ኪቦርዱ ሲነቀል ምን ይቀራል? የሁለት በአንድ ኮምፒውተሮች ጉዞ

ታብሌትንና ላፕቶፕን በአንድ አካል ለማዋሃድ መሞከር ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ስክሪኑ የሚሽከረከር፣ የሚንሸራተት፣ በፍሬሙ ውስጥ የሚገለበጥ፣ የሚነቀል፣ በመጨረሻም ራሱ ስክሪኑ መሐል ለመሐል የሚታጠፍ ኮምፒውተር ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧል። አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ትውልድ ሳይሻገሩ ጠፍተዋል። በስፋት የዘለቁት ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስክሪኑ ዙሪያውን ሄዶ ከኪቦርዱ ጀርባ የሚታጠፈው፣ ከጀርባው መደገፊያ ኖሮት ኪቦርዱ የሚነቀለው፣ እንዲሁም ኪቦርድ በኋላ የተጨመረለት ታብሌት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እነዚህ ቀሩ? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ቴክኖሎጂው ስለበሰለ ነው የሚል ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ቀነሰ፣ ባትሪው ሳሳ፣ ስክሪኑ ንክኪ ተቀበለ። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። የጠፉትም የዘለቁትም የተሠሩት በተመሳሳይ ፕሮሰሰርና በተመሳሳይ ባትሪ ነው። እንደ እኔ አመለካከት የዘለቁት ከሁለቱ ማሽኖች አንዱን አስቀድመው የመረጡና ሌላውን በተጨማሪነት የያዙት ናቸው። ሁለቱንም እኩል ለመሆን የተነሡት ወድቀዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው አባባል በዚህ ዘርፍ ቃል በቃል ሲፈጸም ይታያል።

በብዕር የተጀመረ ታሪክ

ሐሳቡ ከማሽኑ ቀድሞ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አለን ኬይ በ1972፣ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ፣ ዳይናቡክ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ከደብተር ያልበለጠ፣ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በታች የሆነ፣ ልጆች ይዘውት የሚዞሩትና የሚማሩበት ኮምፒውተር ነው። በንድፉ ላይ ስክሪኑና ኪቦርዱ በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኮምፒውተር ከቁም ሳጥን በማያንስበት ዘመን ይህ በወረቀት ላይ ከመቅረት የተሻለ ዕድል አልነበረውም።

በ1989 ግሪድ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ግሪድፓድን ለገበያ አቀረበ። የነደፈው ጄፍ ሆኪንስ ነበር፤ በኋላ የእጅ ኮምፒውተር አምራቹን ፓልምን የመሠረተው ሰው። ግሪድፓድ 2 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ኤምኤስ ዶስ በተባለው የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ፣ በብዕር የሚጻፍበት ሰሌዳ ነው። ገዢዎቹ በአብዛኛው ሠራተኞቻቸው ቆመው እየዞሩ ቅጽ የሚሞሉላቸው ድርጅቶች ነበሩ። እንዲህ ላለው ሥራ ኪቦርድ ሸክም እንጂ ረዳት አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮምፓክ ኮንቼርቶ የተባለውን ማሽን አወጣ። ዛሬ ላየው ሰው የሚያስገርም ነው። ኪቦርዱ ይነቀላል፤ ፕሮሰሰሩም ሃርድ ዲስኩም ባትሪውም ከስክሪኑ ጀርባ ናቸው፤ በብዕር ይጻፍበታል። ማይክሮሶፍት ከ20 ዓመት በኋላ ሰርፌስ ብሎ ያመጣው መሠረታዊ አቀማመጥ ያኔ ነበረ። በ1993 ደግሞ አይቢኤም ስክሪኑ ተገልብጦ በኪቦርዱ ላይ የሚተኛውን ቲንክፓድ 750ፒ አወጣ። ተነቃዩም ተገልባጩም ዘር የበቀለው በአንድ ወቅት ነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ተስፋውን የጣለው ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ወደ ፊደል በመቀየሩ ላይ ነበር። ጎ ኮርፖሬሽን ለብዕር ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፔንፖይንት የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠራ፤ ማይክሮሶፍት በ1992 ለዊንዶውስ 3.1 የብዕር ማሟያ ጨመረ፤ አፕል በ1993 በብዕር የሚሠራውን የእጅ ኮምፒውተር ኒውተንን ይዞ ብቅ አለ። የእጅ ጽሑፍ ንባቡ ግን ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚታመን አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሦስት ቃል ማረም ያለበት ሰው ወደ ኪቦርዱ መመለሱ አይቀርም። ኒውተን በ1998 ተቋረጠ።

የጌትስ ትንበያ

በኅዳር 2001 ቢል ጌትስ በላስ ቬጋሱ የኮምዴክስ ትርዒት መድረክ ላይ ቆሞ ታብሌት ፒሲ በ5 ዓመት ውስጥ በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው የኮምፒውተር ዓይነት እንደሚሆን ተነበየ። በዓመቱ፣ በኅዳር 2002፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ታብሌት ፒሲ ኤዲሽን ወጣ። ኤሰርና ቶሺባ አንገቱ የሚሽከረከር ስክሪን ያላቸውን አቀረቡ፤ ኮምፓክም ኪቦርዱ የሚነቀለውን ቲሲ1000 አመጣ፤ ሞሽን ኮምፒውቲንግ ደግሞ ኪቦርድ የሌለው ሰሌዳ ብቻ ሠራ። ከእነዚህ መካከል እንደ ንድፍ እስከ ዛሬ የማደንቀው የቲሲ1000 ተከታይ የሆነውን ቲሲ1100 ነው። ያለ ኪቦርዱ 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ኪቦርዱ ሲነቀልም ሲገለበጥም አካሉ የተስተካከለ ሆኖ ይቆያል።

ትንበያው ግን አልያዘም። ዋጋቸው ከተመሳሳይ ላፕቶፕ በመቶዎች ዶላር ይበልጥ ነበር። ማራገቢያቸው እየጮኸ፣ አካላቸው እየጋለ፣ በአንድ ክንድ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚያዙ አልነበሩም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ለማውዝ የተሠራ ነው፤ ቁልፎቹ ጥቃቅን፣ ዝርዝሮቹ ጠባብ ናቸው። ብዕሩ የማውዝን ቦታ ተካ እንጂ ለብዕር ተብሎ የታሰበ ነገር እምብዛም አልነበረም። የማይክሮሶፍት የታብሌት ቡድን ኃላፊ የነበረው ዲክ ብራስ በ2010 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ የኦፊስ ክፍሉ ኃላፊ ፕሮግራሞቹን ለብዕር ለማስተካከል ፈቃደኛ እንዳልነበረ ገልጿል። ተጠቃሚው በሰነዱ ላይ በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ ለብቻዋ ብቅ በምትል ሣጥን ውስጥ እየጻፈ ማሸጋገር ነበረበት። አንድ ኩባንያ በአንድ እጁ ታብሌት እየሸጠ በሌላው እጁ ዋናውን ፕሮግራሙን ከታብሌቱ ሲያርቅ ማየት ያሳዝናል።

የብዕሩ ጉዳይ ከዚህ በላይ መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቢሆንም ዋናው ቁም ነገር እዚያ ነው። ከእነዚያ ኮምፒውተሮች በብዙዎቹ የነበረው፣ ዋኮም የተባለው ኩባንያ የብዕር ቴክኖሎጂ በኤሌክትሮማግኔቲክ የሚሠራ ነው። ከስክሪኑ ሥር የተነጠፈ ሰሌዳ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በብዕሩ ውስጥ ያለችው ጥቅል ሽቦ ከዚያ መስክ ኃይል ወስዳ የት እንዳለችና ምን ያህል እንደተጫኗት መልሳ ትናገራለች። ስለዚህ ብዕሩ ባትሪ አያስፈልገውም። ሰሌዳው የሚያውቀው ብዕሩን ብቻ በመሆኑ መዳፍን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ መጻፍ ይቻላል። ጣት ግን ለእሱ የለችም።

በኋላ በስልኮች የመጣው የንክኪ ስክሪን በተቃራኒው የሚሠራው የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። ጣት ስትነካው የስክሪኑ የኤሌክትሪክ መስክ በዚያች ነጥብ ላይ ይለወጣል። ይህ ጣትን ያያል፤ መዳፍንም ያያል፤ ሁለቱን ለመለየት ግን ይቸገራል። ሁለቱ ዓለማት የተገናኙት ሁለቱንም የሚያነብ ስክሪን ተሠርቶ፣ ብዕር ሲጠጋ የጣትንና የመዳፍን ንክኪ ለጊዜው ችላ የሚል ሶፍትዌር ሲጨመርበት ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 ኤን-ትሪግ ከተባለው ኩባንያ የብዕር ቴክኖሎጂውን የገዛው፣ አፕልም በዚያው ዓመት የራሱን ፔንስል ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዕሩ ጫፍና በሚታየው መስመር መካከል ያለው መዘግየት በአፕል ፔንስል መጀመሪያ 20 ሚሊሰከንድ ነበር፤ በ2019 ወደ 9 ዝቅ ብሏል። ለሚሥል ሰው ይህ ልዩነት እጁ ላይ ይታወቀዋል። ሒሳብ ለሚያስተምር፣ ንድፍ ለሚያርም፣ ኖታ ለሚጽፍ ሰው ሁለት በአንድ ኮምፒውተር ከላፕቶፕ የሚበልጥበት አንዱ ግልጽ ቦታ ይኸው ነው፤ አምራቾቹ ግን ማስታወቂያቸውን በብዛት የሚያሳልፉት ሌላውን ጥቅም በመደርደር ነው።

አይፓድ ያመጣው ለውጥ

በሚያዝያ 2010 ለገበያ የቀረበው አይፓድ 680 ግራም ይመዝን፣ ለ10 ሰዓት ያህል ይሠራ፣ ዋጋውም ከ499 ዶላር ይጀምር ነበር። አፕል እዚህ የደረሰው ላፕቶፕን በማሳነስ ሳይሆን ስልክን በማሳደግ ነው። የስልክ ፕሮሰሰር፣ የስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ለጣት የተሠሩ ሰፋፊ ቁልፎች። ማራገቢያም ብዕርም አልነበረውም። የታብሌት ፒሲ አምራቾች በ10 ዓመት ያልፈቱት የክብደት፣ የሙቀትና የዋጋ ጥያቄ በአንድ ቀን የተፈታ መሰለ፤ ግን የተፈታው የላፕቶፑ ግማሽ ስለተተወ ነው።

ያን የተተወውን ግማሽ ለመመለስ ከቸኮሉት አንዱ አሱስ ነው። በ2011 የወጣው ኢ ፓድ ትራንስፎርመር የአንድሮይድ ታብሌት ሲሆን የሚሰካበት ኪቦርድ የራሱ ባትሪ ነበረው። ኩባንያው ታብሌቱ ለብቻው 9.5 ሰዓት፣ ከኪቦርዱ ጋር ደግሞ 16 ሰዓት እንደሚሠራ ይገልጽ ነበር። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ኪቦርዱ መክበዱ ካልቀረ ክብደቱ ባትሪ ይሁን። ኪቦርዱ ለምን መክበድ እንዳለበት ከሁሉ ረዘም አድርጌ ላብራራ፤ የዚህን ዘርፍ ታሪክ የሚፈታው ቁልፍ እዚያ ነው።

ክብደቱ የት ይቀመጥ?

ተራ ላፕቶፕ ሲሠራ ከባዱ ነገር ሁሉ ከኪቦርዱ ሥር ይገባል፤ ባትሪው፣ ማዘርቦርዱ፣ ማቀዝቀዣው። ስክሪኑ ቀላል ክዳን ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ቢያጋድል የማሽኑ የስበት ማዕከል ከሥረኛው አካል አይወጣም፤ ጭን ላይም ጠረጴዛ ላይም ጸንቶ ይቆማል። ታብሌት ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ሁሉም ነገር ከስክሪኑ ጀርባ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስክሪን ቀላል ኪቦርድ ላይ ሰክቶ ወደ ኋላ ማዘንበል ማለት ማሽኑን በጀርባው መጣል ማለት ነው።

መሐንዲሶች የሞከሯቸው መፍትሔዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያስከፍለው አለው። አንደኛው ኪቦርዱን ማክበድ ነው። አሱስ ባትሪ ጨመረበት፤ ሌሎች ግን ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ብረት የከተቱበት ጊዜ ነበር። ያኔ ተጠቃሚው ምንም የማይሠራ ክብደት ተሸክሞ ይዞራል። ሁለተኛው ስክሪኑ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ማገድ ነው። ቀደምት ተነቃዮች ላይ ይህ የተለመደ ነበር፤ ጭናቸው ላይ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች ስክሪኑን በትክክል ለማየት አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሦስተኛው ማይክሮሶፍት በ2012 በሰርፌስ የመረጠው ነው፤ ኪቦርዱን እንደ ክዳን አሳስቶ ስክሪኑን ከጀርባው በሚወጣ መደገፊያ ማቆም። የመጀመሪያው መደገፊያ አንድ ማዕዘን ብቻ ነበረው፤ 22 ዲግሪ ያህል። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል፤ ረጅም ሰው ወይም ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ይቸገራል። በ2014 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ 3 ይህን በሁለት ነገር አሻሻለ። መደገፊያው በፈለጉት ማዕዘን የሚቆም ሆነ፤ ኪቦርዱም በማግኔት ወደ ስክሪኑ ግርጌ ተጣብቆ ከፍ ስለሚል ጭን ላይ መወዛወዙ ቀነሰ። ክብደቱ 800 ግራም ሆነ።

ፕሮ 3 ላይ የስክሪኑ የወርድና የቁመት ምጥጥን ከ16 ለ9 ወደ 3 ለ 2 መለወጡንም ብዙ ሰው አላስተዋለውም፤ ለእኔ ግን ከመደገፊያው አይተናነስም። 16 ለ9 ለፊልም የሚመች ቅርጽ ነው፤ ቀጥ አድርገው ሲይዙት እጅግ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ለንባብም ለጽሑፍም አይመችም። 3 ለ 2 ሲቆም ወደ ወረቀት ቅርጽ ይጠጋል። ማይክሮሶፍት ያን ጊዜ ታብሌት እንዴት እንደሚያዝ ከምር ያሰበ ይመስለኛል። ዛሬ ብዙ አምራቾች ይህንኑ ቅርጽ ወይም ተቀራራቢውን ይከተላሉ።

አራተኛው የሌኖቮ ነው። በ2012 የተሸጠው አይዲያፓድ ዮጋ የሚነቀል ነገር የለውም። ክብደቱ እንደ ላፕቶፕ ከኪቦርዱ ሥር እንዳለ ቀርቶ፣ ማጠፊያው ብቻ 360 ዲግሪ እንዲሄድ ተደረገ። ሚዛኑ አልተናጋም፤ የኪቦርዱ ምቾት አልቀነሰም። የሚያስከፍለው ታብሌት ሲሆን ነው። 13 ኢንች ስክሪንና 1.5 ኪሎ ያህል ክብደት ያለው ታብሌት በአንድ እጅ ይዞ መቆም አይቻልም፤ ጣቶችም ከጀርባ ያሉትን የኪቦርድ ቁልፎች ይዳስሳሉ። ሌኖቮ በ2013 ቲንክፓድ ዮጋ ላይ ስክሪኑ ሲታጠፍ የቁልፎቹ ፍሬም ከፍ ብሎ ቁልፎቹን እንዲቆልፍ አድርጓል። ድካሙን የሚያስታግስ ነው፤ ክብደቱን ግን አይቀንስም። ሆኖም ዮጋ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ እንደ ድንኳን ቆሞ ፊልም ሲያሳይ ወይም ጠፍጣፋ ሆኖ ብዕር ሲቀበል ትርፍ ነው። ማጠፊያው ከአንድ ኩባንያ ወደ ኢንዱስትሪው ሁሉ የተዛመተው፣ ክሮምቡኮች (በጉግል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ላፕቶፖች) ላይ ሳይቀር የገባው፣ ከላፕቶፕነቱ ብዙ ስለማይቀንስ ነው።

አምስተኛው ሰርፌስ ቡክ ነው፤ በ2015። ከሁሉም የሚያምረው፣ ከሁሉም የሚያስተምረውም እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ሙሉ ላፕቶፕም ሙሉ ታብሌትም የሆነ ማሽን ለመሥራት ተነሣ። ማጠፊያው ሲከፈት እየተዘረጋ የሥረኛውን አካል ያስረዝማል፤ በዚህም የስክሪኑ ክብደት ወደ ኋላ እንዳይጥለው ይደረጋል። ቁልፍ ሲጫኑ በኤሌክትሪክ የሚኮማተር ሽቦ መቆለፊያውን ይለቅና ስክሪኑ ይነቀላል። ፕሮሰሰሩ ከስክሪኑ ጋር ይሄዳል፤ አብዛኛው ባትሪና የግራፊክስ ካርዱ ከኪቦርዱ ጋር ይቀራሉ። ስለዚህ የተነቀለው ታብሌት ሰፊ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይዘጋል። ሙሉው ማሽን ደግሞ 1.5 ኪሎ ሆኖ ሲታጠፍ በመሐሉ ክፍተት ይቀራል። እንደ ታብሌት ከታብሌት አነሰ፤ እንደ ላፕቶፕ ደግሞ ከላፕቶፕ ከበደ፣ ተወደደ። ሦስተኛው ትውልድ በ2020 ወጣና መጨረሻው ሆነ። በ2021 ቦታውን የያዘው ሰርፌስ ላፕቶፕ ስቱዲዮ ስክሪኑ ወደ ፊት ይሳባል፣ ይተኛል እንጂ አይነቀልም። ማይክሮሶፍት መረጠ ማለት ነው።

ሶኒና ቶሺባ በ2012 ያወጧቸው ተንሸራታች ስክሪኖችም፣ ዴል በዚያው ዓመት በፍሬም ውስጥ የሚገለበጥ ስክሪን ያደረገለት ኤክስፒኤስ 12ም በዚህ ዐይን ሲታዩ አለመዝለቃቸው አያስገርምም። ተንሸራታቾቹ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ቦታ በሉ፤ ተገልባጩ በስክሪኑ ዙሪያ ወፍራም ፍሬም ጠየቀ። ሁሉም የላፕቶፑን መሠረታዊ ምቾት ቆርሰው ታብሌቱን ለማብላት የሞከሩ ናቸው።

የሶፍትዌሩ ሁለት ፊት

የአካሉ ጥያቄ እንዲህ እየተፈታ ሳለ የሶፍትዌሩ ጥያቄ ቆሞ ቀረ። ዊንዶውስ 8 በጥቅምት 2012 ሲወጣ አንዱ ፊቱ ሰፋፊ ባለቀለም ሰድሮች ያሉት የጣት ዓለም፣ ሌላው ፊቱ የቆየው ዴስክቶፕ ነበር። ተጠቃሚው ሳይፈልግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወረወራል። ታብሌት የሌለው፣ በማውዝ የሚሠራው ብዙኃኑ የስታርት ቁልፉን እንኳ አጣ፤ ቁልፉ የተመለሰው ከዓመት በኋላ በ8.1 ነው። ከዊንዶውስ 8 ጋር በአንድ ቀን የወጣው ሰርፌስ አርቲ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባ። ከኢንቴሉ የተለየ፣ በስልኮች የተለመደው የኤአርኤም ፕሮሰሰር ስለነበረው ዴስክቶፑ ይታያል፣ ተጠቃሚው ግን የለመዳቸውን የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ሊጭንበት አይችልም። ኩባንያው በ2013 ለዚህ ማሽን 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ።

አፕል በሌላው ጫፍ ቆመ። ቲም ኩክ በሚያዝያ 2012 ስለ ሁለት በአንድ ሲጠየቅ ቶስተርና ፍሪጅም ማዋሃድ ይቻላል፣ ውጤቱ ግን ተጠቃሚን ላያስደስት ይችላል ብሎ መለሰ። በሦስት ዓመቱ አይፓድ ፕሮ ከኪቦርድና ከብዕር ጋር ቀረበ። ይህን እንደ ቃል ማፍረስ የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም፤ አፕል ታብሌቱን አስቀድሞ ኪቦርዱን ቀስ እያለ ነው ያስጠጋው። የማውዝና የመዳሰሻ ሰሌዳ ሙሉ ድጋፍ የመጣው በመጋቢት 2020 ነው፤ ጠቋሚውም እንደ ማክ ቀስት ሳይሆን ጣት የሚያህል ክብ ሆኖ ቁልፍ ላይ ሲደርስ የቁልፉን ቅርጽ የሚይዝ ተደረገ። በነጻነት የሚሰፉና የሚጠቡ መስኮቶችና የሜኑ ረድፍ የመጡት ደግሞ በ2025፣ በአይፓድኦኤስ 26 ነው። ከ2021 ጀምሮ አይፓድ ፕሮና ማክ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ይጋሩ ስለነበር በመካከላቸው የቀረው አጥር የኩባንያው ውሳኔ ብቻ ነበር። አራት ዓመት መፍጀቱ ለተጠቃሚው ከባድ እንደነበር መካድ አይቻልም፤ በውድ ዋጋ የተገዛ አቅም ሥራ ፈት ተቀምጧል።

አካሉም ቢሆን ለአፕል በነጻ አልመጣም። በ2020 የወጣው ማጂክ ኪቦርድ አይፓዱን በአየር ላይ ወደ ፊት አስጠግቶ ይይዘዋል፤ ክብደቱ በኪቦርዱ ላይ እንዲያርፍ። የሚዛኑ ጥያቄ ተመለሰ፤ ነገር ግን 12.9 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ ከኪቦርዱ ጋር ተደምሮ ከማክቡክ ኤር ከበደ። ኪቦርዱን ሁልጊዜ የማይነቅል ሰው ቢያስብበት ደግ ነው።

በዊንዶውስ በኩል ደግሞ የሚያስቆጭ ነገር ሆኗል። ኢንቴል በ2014 4.5 ዋት የሚወስደውንና ማራገቢያ የማይፈልገውን ኮር ኤም ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ ቀጭን ተነቃይ መሥራት ቀለለ። በሰኔ 2024 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ በኳልኮም የኤአርኤም ፕሮሰሰር ሲመጣ፣ ሰርፌስ አርቲን የጣለው ችግር በአብዛኛው ተቃለለ፤ ለኢንቴል የተጻፉ ፕሮግራሞች ትእዛዛቸውን ለኤአርኤም በሚተረጉም ሶፍትዌር በኩል በጥሩ ፍጥነት ይሠራሉ። ሶፍትዌሩ ግን በዚያው ጊዜ ከታብሌቱ ሸሽቶ ነበር። ዊንዶውስ 10 የነበረውን የታብሌት ሞድ ዊንዶውስ 11 በ2021 አስወግዶታል፤ ኪቦርዱ ሲነቀል ምልክቶቹ ትንሽ ይራራቃሉ፣ ከዚያ ያለፈ ብዙ ነገር የለም። ማሽኑ ታብሌት ለመሆን በደረሰበት ሰዓት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላፕቶፕ ለመሆን ወሰነ።

በታጣፊ ስክሪን የመጣው አዲሱ ሙከራም ከዚሁ ጥያቄ አላመለጠም። ሌኖቮ በ2020 ኤክስ1 ፎልድን፣ አሱስ በ2022 ዜንቡክ 17 ፎልድን አውጥተዋል። ማይክሮሶፍት በ2019 ያሳየው ባለ ሁለት ስክሪን ሰርፌስ ኒዮ ግን ከነኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይወጣ ተሰርዟል። መስታወት ላይ መተየብ ጣት ቁልፉን ስለማያገኝ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ለእነዚህ ማሽኖች ከጎናቸው እውነተኛ ኪቦርድ ቀርቦላቸዋል፣ በግማሹ ስክሪን ላይም ይቀመጥበታል። ኪቦርድ ለማስቀረት የታሰበ ንድፍ ኪቦርድ ለብቻው እንዲሸከሙ አደረገ።

ባትሪውና ሕጉ

ሁሉም ነገር ከስክሪኑ ጀርባ መሆኑ ሚዛንን ብቻ አይደለም የነካው፤ ጥገናንም ነው። የላፕቶፕ የሥረኛ ክዳን በብሎን ይከፈታል። ተነቃይ ማሽን ላይ ግን ባትሪው ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ የተያዘውን መስታወት በሙቀት አላቅቆ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከተሰነጠቀ የማሽኑ ውዱ ክፍል ሄደ። ስለ መሣሪያዎች ጥገና የሚጽፈው አይፊክስኢት ለመጀመሪያው ሰርፌስ ፕሮ ከ10 የሰጠው 1 ነበር። ማይክሮሶፍት ከ2019ኙ ሰርፌስ ፕሮ ኤክስ ጀምሮ ማከማቻው ከጀርባ በምትከፈት ትንሽ በር በኩል እንዲቀየር ማድረጉ በጎ እርምጃ ነው። የባትሪ ዕድሜ ግን ከማከማቻ ቀድሞ የሚያልቅ ነው፤ እሱ ነው ቀላል መሆን የነበረበት።

የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ ከየካቲት 18፣ 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎች በተጠቃሚው በቀላሉ የሚወጡና የሚተኩ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት፣ ከሰኔ 20፣ 2025 ጀምሮ፣ በስልኮችና በታብሌቶች ላይ ሌላ ደንብ ተግባራዊ ሆኗል፤ አምራቹ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ ደንብ ታብሌት ማለት ምን እንደሆነ መተርጎም ነበረበት። በትርጓሜው ታብሌት ማለት ከአካሉ ጋር የተያያዘ ኪቦርድ የሌለው፣ ለስልክ ዓይነት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች በተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ማሽን ነው። ስለዚህ ኪቦርድ የተገጠመለት አይፓድ በደንቡ ታብሌት ሆኖ ሲቆጠር፣ ጎኑ የተቀመጠው፣ በመጠንም በአጠቃቀምም የሚመስለው ባለ ዊንዶውስ ተነቃይ በዚህ ትርጓሜ ሥር አይገባም። አምራቾቹ ለ30 ዓመት ሲያድበሰብሱት የቆዩትን ጥያቄ ሕጉ በኪቦርዱና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለይቶ መልሶታል፤ ባለ ዊንዶውስ ተነቃይ የገዛ ሰውም የዚያን የ5 ዓመት ማሻሻያ ዋስትና በዚህ ደንብ አያገኝም።